በቬትናም ጦርነት «ዶናት ዶሊ» የተባሉት ሴቶች ሥራቸው ምን ነበር? ለምንስ ከቀድሞ ወታደሮች ጋር አይቈጠሩም?

የማታ ፈረቃ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። እኔ በቨርጂኒያ ግዛት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በአስታማሚነት የምሠራ ሴት ነኝ፤ ዘንድሮ ሰባት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 ቀን በቤቱ የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች በመመገቢያ አዳራሹ ይሰበሰቡና ስማቸው እየተጠራ ደረታቸው ላይ ትንሽ ባንዲራ ይደረግላቸዋል። ባለፈው ጊዜ እኔ የማስታምማቸው፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው እናት፣ ስለ ቬትናም ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ስለሰማኋቸው ጋሪያቸውን ወደ ወታደሮቹ ረድፍ ልገፋ ስል እጄን ያዙና «እኔ እዚያ አልቈጠርም፤ እኔ ዶናት ዶሊ ነበርሁ» አሉኝ። ስቀውም ነበር፤ ሳቁ ግን ከዓይናቸው አልደረሰም።

ማታ ክፍላቸው ስገባ ከመሳቢያ አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው አሳዩኝ። በአሸዋ ጆንያ በታጠረ ስፍራ፣ ከሄሊኮፕተር አጠገብ፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱ ሁለት ወጣት ሴቶች ቆመዋል፤ አንደኛዋ በእጅ የተሣለ ትልቅ ሰሌዳ ይዛለች። በዙሪያቸው የተቀመጡት ወታደሮች የለበሱት ሁሉ በጭቃ ተለውሷል። ሰሌዳ የያዘችው እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በላይ ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ እኔም አላስቸገርኋቸውም።

ማወቅ የምፈልገው እንዲህ ነው። ይህ ሥራ በትክክል ምን ነበር? በጦርነት መካከል ዶናት ምን ሊያደርግ ገባ? ደግሞስ አንድ ሰው ወደ ጦር ሜዳ ተልኮ አንድ ዓመት ሙሉ ከቆየ በኋላ እንዴት «አልተቈጠረም» ይባላል? እውነቱን ለመናገር፣ አብራኝ የምትሠራ የአገሬ ልጅ ነገሩን ስትሰማ «ወታደር እንዲያዝናኑ የተላኩ ናቸው» ብላ ዓይኗን ስለጠቀሰችብኝ በጣም ከፍቶኛል። ነገሩን በቅጡ አውቄ መልስ ብሰጣት ደስ ይለኛል።


የድሮ መጽሔት

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ አንሥተዋል። አስቀድሜ ስሙን ላፍታታው። ዶናት የእኛው የቦምቦሊኖ ዘመድ ነው፤ «ዶሊ» ደግሞ ከአሻንጉሊት የመጣ የቁልምጫ ቃል ነው። ሴቶቹ ለራሳቸው የመረጡት ስም ስላልሆነ አንዳንዶቹ ሲወዱት አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ይከፋቸዋል። በመዝገብ ላይ ሥራው የአሜሪካ ቀይ መስቀል በባሕር ማዶ ይሰጠው የነበረ ተጨማሪ የመዝናኛ አገልግሎት ይባላል።

ዶናቱ ወደ ጦርነት የገባው ግን ከቬትናም ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ማኅበር 250 ያህል በጎ ፈቃደኞችን ወደ ፈረንሳይ ላከ። ከእነዚህ መካከል ማርጋሬት ሼልደን እና ሄለን ፐርቪያንስ የተባሉት ሁለት ሴቶች ሞንቲዬ ሱር ሶ በምትባል መንደር ሳሉ ዝናቡ አላባራ፣ ስንቁም እያለቀ ሄደ። በእጃቸው የቀረው ዱቄት፣ ስኳር፣ ስብና የቆርቆሮ ወተት ነበር። ኬክ እንዳይጋግሩ ምድጃ አልነበራቸውም። መዳመጫ ስላጡ ሊጡን በወይን ጠጅ ጠርሙስ ዳመጡት፤ በትንሽ መጥበሻ ሰባት ሰባት እያደረጉ ጠበሱት። በመጀመሪያው ቀን ያወጡት 150 ብቻ ሲሆን ወታደሮቹ በጭቃው ውስጥ ረጅም ሰልፍ ይዘው ጠበቁት። እንግዲህ ዶናት የመጣው ከችግር ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ በየዓመቱ በጁን ወር የመጀመሪያ ዓርብ የሚከበረው የዶናት ቀን መነሻውም ይኸው ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን በትልቁ የያዘው ቀይ መስቀል ነው። በብሪታንያ የድርጅቱ ኃላፊ የነበረው ሃርቪ ጊብሰን፣ በሞያው የኒውዮርክ ባንክ ሰው፣ ከከተማ ርቀው ለሰፈሩ ወታደሮች ክበቡ ራሱ በመኪና ይሂድላቸው የሚል ሐሳብ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ የለንደን አውቶቡሶች ውስጣቸው ተቀይሮ የዶናት ማሽን፣ የቡና ማፍያና የሸክላ ማጫወቻ ተገጠመላቸው፤ በእያንዳንዱም ሦስት አሜሪካውያን ሴቶችና አንድ እንግሊዛዊ ሹፌር ይሄዱ ነበር። መኪናው «ክለብሞቢል» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1944 የበጋ ወራት፣ የኖርማንዲው ማረፊያ ከተያዘ በኋላ፣ ሴቶቹ ሁለት ቶን ተኩል የሚጭኑ የጦር ካሚዮኖችን ራሳቸው እየነዱ፣ ጎማውንም ራሳቸው እየቀየሩ ሠራዊቱን ተከትለው እስከ ጀርመን ዘለቁ። አንድ ክፍል ከግንባር ተመልሶ ሲያርፍ መኪናው ይደርሳል፤ ሙዚቃው ይከፈታል፤ ከዚያ «ከየት ግዛት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ከቡናውም ከዶናቱም ይልቅ ሥራው ይህ ጥያቄ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

እርስዎ የሚያስታምሟቸው እናት የሠሩበት ክፍል በኮሪያ የተኩስ ማቆም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 ተጀምሮ እዚያው አገር እስከ 1973 ቆይቷል። በቬትናም የነበረው ከ1965 እስከ 1972 ሲሆን በእነዚህ ሰባት ዓመታት 627 ሴቶች አገልግለዋል። የምታመለክት ሴት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች፣ ያላገባች፣ ዕድሜዋም ከ21 እስከ 24 መሆን ነበረበት። በዋሽንግተን የሁለት ሳምንት ሥልጠና ይሰጣትና ለአንድ ዓመት ትላካለች።

እዚያ ስትደርስ የምትሠራው ምንድን ነው? በትልልቆቹ የጦር ሰፈሮች የመዝናኛ ክፍል አለ፤ ቡና ይፈላበታል፣ ካርታ ይጫወቱበታል፣ ሙዚቃ ይሰማበታል። አድካሚው ሥራ ግን ከሰፈር ውጪ ነው። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በሄሊኮፕተር፣ በጂፕ ወይም በካሚዮን ጫካ ውስጥ ወዳሉ የመድፈኛ ምሽጎች ይሄዳሉ። የአንድ ሰዓት ያህል ጨዋታ ይዘዋል። ጨዋታውን ደግሞ ማታ ማታ በካርቶን፣ በቀለምና በመቀስ ራሳቸው የሠሩት ነው፤ በቴሌቪዥን ይታዩ ከነበሩ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ጋር የሚመሳሰል፣ ስለ መኪና፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ጂኦግራፊ የሚጠይቅ። ወታደሮቹን በሁለት ቡድን ከፍለው ያወዳድራሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ምሽግ ይበራሉ። በፎቶግራፉ ላይ ያዩት ሰሌዳ ይህ መሆን አለበት። ሆስፒታል እየሄዱ ከቁስለኞች አልጋ አጠገብ መቀመጥም የሥራቸው ክፍል ነበር። ዶናት ለዚያ ሙቀት የሚሆን ምግብ ስላልነበር በአብዛኛው ይዘው የሚዞሩት በበረዶ የቀዘቀዘ ጣፋጭ መጠጥ ነበር፤ ስሙ ግን ከአውሮፓና ከኮሪያ ተከትሏቸው መጣ።

የሥራ ባልደረባዎ ስለጠረጠሩት ነገር አንድ ቃል ልበል። ይህ ሐሜት አዲስ አይደለም፤ ሴቶቹ ቬትናም ሳሉም ይደርስባቸው ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በኋላ ሲናገሩ ከሮኬት ይልቅ ይህ ሐሜት እንደጎዳቸው ይገልጻሉ። የድርጅቱ ደንብ እጅግ ጥብቅ ነበር፤ የቀሚሱ ርዝመት እንኳ ሳይቀር ተወስኗል።


ተጠራጣሪው

የድሮ መጽሔት የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ በዝርዝሩ አልከራከርም። ነገር ግን ታሪኩን በጣም አሳምረውታል ባይ ነኝ።

አንድ ሠራዊት ለወታደሩ ጥይትና ጫማ እንደሚያቀርብ ሁሉ ፈገግታም አስልቶ አቅርቧል። ለምን ዕድሜያቸው ከ24 እንዳያልፍ ተፈለገ? ለምን ያላገቡ? ለምን ቀሚስ? ለመድፈኛ ምሽግ ሱሪና ቡት ይሻል እንደነበር ማንም ያውቃል። ሴቶቹ የተላኩት ወታደሩ ጎረቤቱ ትኖር የነበረችውን ልጅ እንዲያስታውስና የተዋጋለትን ነገር እንዲያይ ነው፤ በዚህ ረገድ ቀሚሱ የወግ ልብስ ሳይሆን የሥራ ዕቃ ነበር። አንዳንድ ወታደሮችም ጓደኛቸውን በቀበሩ ማግስት «የዚህ ግዛት ዋና ከተማ ማን ይባላል?» ብላ ከምትጠይቅ ፈገግተኛ ልጅ ጋር ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ዞር ብለው ይሄዱ ነበር። በእነርሱ አልፈርድም። በልጅቷም አልፈርድም፤ እንዳታለቅስ ታዝዛለች።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሽማግሌ የቀድሞ ወታደሮች ቀይ መስቀልን የሚጠሉበት ምክንያት ለእኛ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ቂሙ የተያዘው በምግብ ዋጋ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ የነበሩት የእንግሊዝና የሌሎች ተባባሪ አገሮች ወታደሮች በየክበባቸው ለምግብና ለአልጋ ይከፍሉ ስለነበር፣ ደመወዙ ከእነርሱ እጅግ የሚበልጠው አሜሪካዊ በነጻ መስተናገዱ ቅሬታ አስነሣ። በዚህ የተነሣ የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን እ.ኤ.አ. በ1942 ቀይ መስቀል በክበቦቹ ለሚሰጠው ምግብና አልጋ እንዲያስከፍል ጠየቀ። የድርጅቱ ሊቀ መንበር ኖርማን ዴቪስ ተቃወመ፤ በኋላ ግን ተቀበለ። ክለብሞቢሎቹ ዶናቱን በነጻ ማደላቸውን አላቋረጡም። ይሁን እንጂ ወታደሩ ያስታወሰው ያስከፈሉትን ነው። ውሳኔው የወጣው ከዋሽንግተን ሲሆን ቁጣውን በየቀኑ ፊት ለፊት የተቀበለችው ግን ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ሴት ናት። ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለማሳየት እኔ ከሄሊኮፕተሩ ይልቅ ይህን እጠቅሳለሁ።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፦ ሴቶቹን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ የላካቸውን ስሌት ማክበር ግን ሌላ ነው።


የቃኘው ልጅ

ከሁለታችሁም ጋር በከፊል እስማማለሁ። እኔ የማክለው ከአባቴ የሰማሁትን ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወደ ኮሪያ የዘመተው ከአራተኛው የቃኘው ሻለቃ ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሻለቆች ከ1951 እስከ 1953 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆነው ተዋግተዋል፤ አንድም ምርኮኛ አላስያዙም። የአራተኛው ዕድል ተኩሱ ከቆመ በኋላ በብርድ ውስጥ መጠበቅ ነበር። አባቴ ደግሞ መጠበቅ ከመዋጋት ይከፋል ይል ነበር። ሲዋጉ ቀኑ ይሄዳል፤ ሲጠብቁ ግን ሰው በሐሳብ ወደ አገሩ ይመለስና እዚያው ይቀራል።

አንድ ቀን እርሱና ጓደኞቹ አሜሪካውያኑ ከተሰለፉበት ካሚዮን አጠገብ ሲያልፉ አንዲት ሴት በእጇ ጠርታ ቡናና ቦምቦሊኖ ሰጠቻቸው። ታሪኩን ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከቡናው ነበር፦ «ቡና ተብሎ የተሰጠን ውሃ ነው፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም ያለቀበት!» ይልና ይስቃል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሴትዮዋ በምልክት ስሙን ጠይቃው በትክክል እስክትጠራው ድረስ አራት ጊዜ እንደደጋገመችው ይናገራል። በዚያ አገር ሁሉም በማዕረጉ ነበር የሚጠራው። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ፊቷንም ረስቶታል። ስሙን ለመጥራት መድከሟን ግን እስኪሞት አልረሳም።

ስለዚህ ለተጠራጣሪው የምለው፣ ስሌቱ የሠራዊቱ ሊሆን ይችላል፤ ስሙን አራት ጊዜ መደጋገም ግን በማንም ስሌት ውስጥ የገባ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ «ወታደር ያልሆነ ሰው ጦርነት አልሄደም» ማለት ለእኛ አገር ሰው የሚያስቅ ነው። በዐድዋ ጊዜ ስንቅ ያዘጋጁት፣ እንስራ ተሸክመው በእቴጌ ጣይቱ ትእዛዝ ለተዋጊው ውሃ ያደረሱት፣ ቁስለኛ ያነሡት ሴቶች ወታደር አልነበሩም። ማን ቈጠራቸው ቢባል ግን እኛም መልስ የለንም።


ልደት ዘሲያትል

እስካሁን ያልተነሣ ነገር ስላለ ልጨምር። እኔ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችን ለማንሣት ነው የገባሁት።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 200,000 የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች ፈረንሳይ ነበሩ። እነርሱን ለማገልገል በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በኩል በመጀመሪያ የተላኩት ጥቁር ሴቶች ሦስት ብቻ ናቸው፦ አዲ ሃንተን፣ ካትሪን ጆንሰንና ሄለን ከርቲስ። ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ ሦስት ናቸው። የነጮቹን ክበብ እንዳይረግጡ ለተከለከሉ ወታደሮች፣ አብዛኞቹ በወደብ ላይ ዕቃ በማውረድ ለሚውሉ ሰዎች፣ ቤተ መጻሕፍት አደራጁላቸው፤ ፊደል ያልቈጠረውን አስቈጠሩት። አንድ ሰው ለእናቱ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በራሱ እጅ እንዲጽፍ ማስቻል ከዶናት ይልቅ የሚያጠግብ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ለዶናቱም ቦታ ቢኖረኝ።

ስለ ደብዳቤ ካነሣሁ፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት 6888ኛ የፖስታ ሻለቃ መተው አልችልም። እነዚህ ሴቶች የቀይ መስቀል ሠራተኞች ሳይሆኑ የለየላቸው ወታደሮች ናቸው፤ ሥራቸው ግን በትክክል እዚህ የምንነጋገርበት ነው፤ የወታደሩን ልብ መጠበቅ። 855 ሴቶች በሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ አዛዥነት እ.ኤ.አ. በ1945 መጀመሪያ እንግሊዝ በርሚንግሃም ሲደርሱ የጠበቃቸው እስከ ጣሪያ የተከመረ፣ ወደ 17 ሚሊዮን የሚገመት ያልታደለ ፖስታ ነበር። መጋዘኑ ማሞቂያ የለውም፤ የአየር ድብደባ ስለሚፈራ መስኮቱ በጥቁር ተሸፍኗል፤ በገና ጥቅሎች ውስጥ የነበረውን ኬክ አይጥ በልቶታል። አንዳንዱ ፖስታ ላይ የተጻፈው የቤት ስም ወይም የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው። ሮበርት ስሚዝ የሚባሉ ብቻ 7,500 ነበሩ! ሴቶቹ ሰባት ሚሊዮን ያህል የመለያ ካርዶች አዘጋጅተው፣ በሦስት ፈረቃ ሌት ከቀን እየሠሩ፣ በስድስት ወር ጨርሱ የተባሉትን በሦስት ወር ጨረሱት። ደብዳቤ ያልደረሰው ወታደር ብርታት የለውም የሚለው መፈክራቸው ነበር። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ፣ ሩዋን፣ ተሻገሩ፤ እዚያም ሌላ ክምር ጠበቃቸው።

ለንደን ላይ ቀይ መስቀል ለጥቁር ሴቶች ብቻ የተለየ ማረፊያ ሲያዘጋጅላቸው አዳምስ ወታደሮቿ እንዳያርፉበት መክራ ሁሉም ተስማሙላት። ይህን የማነሣው የዶናት ዶሊዎቹን ስም ለማጉደፍ አይደለም። ይኸው ድርጅት ለአንዱ ወታደር አገሩን የሚያስታውስ ፊት ሲልክ ለሌላው ደግሞ አገሩን የሚያስታውስ የተለየ በር ይልክ እንደነበር እንዳንረሳ ብዬ ነው። በቬትናም ዘመን ጥቂት ጥቁር ሴቶች ዶናት ዶሊ ሆነው አገልግለዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። በኖርማንዲ ኮልቪል ሱር ሜር ባለው የአሜሪካውያን መካነ መቃብር ከ9,300 በላይ ሰዎች ተቀብረዋል። ከእነዚህ ሁሉ ሴቶቹ አራት ናቸው። ሦስቱ በጁላይ 1945 በጂፕ አደጋ የሞቱ የ6888ኛው ሻለቃ ወታደሮች ናቸው። አራተኛዋ ኤልሳቤጥ ሪቻርድሰን ትባላለች፤ የክለብሞቢል ሠራተኛ ነበረች፣ በዚያው ወር በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። ጦርነቱ በአውሮፓ ካበቃ ሁለት ወር አልፎት ነበር። በሕይወት ሳሉ በአንድ ክበብ አብረው ለመቀመጥ ያልተፈቀደላቸው አራቱ፣ ያው በአንድ ሣር ሥር ናቸው።


የማታ ፈረቃ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን በእረፍት ሰዓቴ እየደጋገምሁ አነበብሁት፤ ከፊሉንም ወደ እንግሊዝኛ እየመለስሁ ለእርሳቸው ነገርኋቸው። ቬትናም ውስጥ አንድ ዶናት እንኳ ሰጥተው እንደማያውቁ ስጠይቃቸው በጣም ሳቁ፤ በዚህ ጊዜ እንኳ ሳቁ ከልባቸው ነበር። «ማነው የነገረሽ?» አሉኝ።

ሰሌዳው የመኪና ዓይነቶች የተሣሉበት ጨዋታ እንደነበር ነገሩኝ። ለአንድ ምሽግ ይዘውት ሄደው በሁለተኛው ሳምንት ሲመለሱ በመጀመሪያው ጊዜ ያሸነፈው ቡድን ግማሹ አልነበረም። እርሳቸውና ጓደኛቸው ጨዋታውን እንደ አዲስ ጀመሩት፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ይህን ከነገሩኝ በኋላ መስኮቱን እንድከፍትላቸው ጠየቁኝና ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ለተጠራጣሪው፦ ስለ ስሌቱ ያሉትንም ነገርኋቸው። «ልክ ነው፤ እናውቅ ነበር» ብለዋል።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለኝ። ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠውን የሕክምና መብት አሁንም ቢሆን የሚያገኙበት መንገድ ይኖር ይሆን? የሳንባ ሕመም አለባቸው።


የድሮ መጽሔት

እህቴ፣ ደስ የማያሰኝ ቢሆንም እውነቱን መናገር ይገባኛል። ቀጣሪያቸው ቀይ መስቀል ስለነበር በሕጉ ፊት ሲቪል ናቸው፤ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የሕክምናና የጡረታ መብት አይመለከታቸውም። በጫካው ላይ የተረጨው መርዘኛ ኬሚካል ወታደሩንና ሲቪሉን ባይለይም ማካካሻው ይለያል። ከዶናት ዶሊዎቹ ሦስቱ በቬትናም አገልግሎት ላይ ሳሉ ሕይወታቸው አልፏል፤ በቬትናም ለሞቱት መታሰቢያ በዋሽንግተን በቆመው ጥቁር ግድግዳ ላይ ግን ስማቸው የለም። እዚያ ከተጻፉት ከ58,000 በላይ ስሞች የሴቶቹ ስምንት ሲሆኑ ሁሉም የሠራዊቱ ነርሶች ናቸው።

ሕግ ሲለወጥ ያየንበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጄኔራል ፐርሺንግ ፈረንሳይኛ የሚችሉ የስልክ ኦፕሬተሮችን ጠይቆ ከ200 የሚበልጡ ሴቶች ወደ ፈረንሳይ ተላኩ። ቃለ መሐላ ፈጽመው የሠራዊቱን ልብስ ለብሰዋል። ሲመለሱ ግን «ሲቪል ነበራችሁ» ተባሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላን ያበረሩት ከ1,000 በላይ ሴቶችም የገጠማቸው ይኸው ነው። የሁለቱም ጉዳይ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ ሕግ ሲሆን የስልክ ኦፕሬተሮቹ የስንብት ወረቀታቸውን ያገኙት በ1979 ነው፤ ስድሳ ዓመት አልፎ፣ ጥቂቶች ብቻ በሕይወት ሳሉ። እነዚህ ግን ሲጀመር በሠራዊቱ እዝ ሥር ስለነበሩ የሚከራከሩበት መሠረት ነበራቸው። የቀይ መስቀል ሴቶች ያን መሠረት አላገኙም።

ለሕመማቸው የሚረዳ ነገር ባልሰጥዎትም አንድ አሳብ አለኝ። እርስዎ ቨርጂኒያ ነዎት። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ በዛፎቹ መካከል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 11 ቀን 1993 የተመረቀ፣ ግሌና ጉዳከር የቀረጸችው የቬትናም ሴቶች ሐውልት አለ። ሦስት ሴቶችና አንድ ቁስለኛ ወታደር ናቸው፤ አንደኛዋ ቁስለኛውን ታቅፋለች፣ አንደኛዋ ሄሊኮፕተር እንደምትጠብቅ ሁሉ ወደ ሰማይ ታያለች፣ ሦስተኛዋ ተንበርክካ ባዶ የብረት ቆብ ይዛለች። መንገዱ ለጋሪ ይመቻል። ማለዳ ቢሄዱ ሰው አይበዛም።


የማታ ፈረቃ (ጠያቂ)

ነገርኋቸው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ለሁለታችንም ተስማምቶናል፤ ከቤቱ ኃላፊም ፈቃድ አግኝቻለሁ። እርሳቸው በበኩላቸው ሁለት ነገር ጠይቀዋል፦ ወደ ግድግዳው እንዳልወስዳቸው፣ በመንገድ ላይም ቡና እንድገዛላቸው። «ዶናት ግን እንዳትገዢ» ብለዋል።